ሁለተኛው የሆርማት ሳይረን

መነሻ፣ አዲስ አበባ

በዚያ ዘመን በአገራችን ከነበርነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች መካከል እኔን የሚያህል አልነበረም። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ ስነዛ ድምፄ ይወፍራል። በእርግጥ ሁላችንም ተሰብስበን በአንድ ታክሲ ብንጫን የኋላው ወንበር ይተርፍ ነበር። ቢሆንም አንድ ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ «እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓት ባለበት ማሽን ሁሉ፣ ሰሜን ዋልታም ቢሆን፣ ዓይኑን ሳያሽ ይሠራል» አልኩ። አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና «እንግዲያው ቆቦ ውሰደው» አለኝ። ሰሜን ዋልታ ቢለኝ በስንት ጣዕሙ! በዚያ የጦርነት ክረምት ከወልድያ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ለሚስቱ ተናዞ ነበር የሚነሣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በቆቦ ሜዳ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ሆርማት የተባለውን ወንዝ የሚጠልፍ፣ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግድብ ያሠራል። ሆርማት ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ግን ከበላዩ ያለው ተራራ ሲዘንብበት፣ ቆቦ ላይ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ሳለ፣ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ድንገት የውሃ ግድግዳ ይመጣል። የአገሩ ሰው ደራሽ ይለዋል። ባለፈው ክረምት ከወንዙ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሲደረድሩ ከነበሩት መካከል ሁለት ሴቶችን ወስዷል።

ፕሮጀክቱ ለዚህ መላ ዘየደ። ከተራራው ግርጌ ወንዙ ውስጥ ተንሳፋፊ መለኪያ ተተከለ። ውሃው ሲያነሣው መለኪያው በስልክ ሽቦ የሚመጣውን መስመር ያቋርጣል። የሽቦው ሌላ ጫፍ ቆቦ ቢሮ ካለው ኮምፒዩተር ጋር ተያይዟል። ኮምፒዩተሩ ለፕሮግራሜ «መስመሩ ተቋረጠ» የሚል ምልክት ይልካል፤ ፕሮግራሜም ግድቡ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ሳይረን ያስጮኻል። ሥራው ተኝቶ መጠበቅ፣ ሲቀሰቅሱት መጮህ፣ ተመልሶ መተኛት ነው። ከራሴ ጠባይ ጋር ስለሚመሳሰል ስጽፈው ብዙም አልተቸገርኩም።

አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። አዲስ አበባ የጻፍኩበት ማሽንና ቆቦ ያለው ማሽን ከተለያዩ አገሮች በእርዳታ የመጡ ናቸው። ሁለቱም «ዩኒክስ ነኝ» ይላሉ። ዩኒክስ ሲወለድ አንድ ነበር። ኋላ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወሰዱና በመሰላቸው አሳደጉት፤ የስልክ ኩባንያ ሰዎችም በበኩላቸው አሳደጉት፤ ማሽን ሻጮቹ ደግሞ ከሁለቱም እየቀነሱ፣ እየጨመሩ፣ የየራሳቸውን አወጡ። ፕሮግራም ከሥርዓቱ አንድ ነገር ሲፈልግ የሚጠራበት ስም በየቤቱ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሲጠራ የሚሆነው ግን እንደየቤቱ ነው። ይህን አልሰማሁም አልልም። የሰማሁት ምሳ ሰዓት ላይ ስለነበር ጆሮዬን ሆዴ ይዞት ነበር።

እስከ ደሴ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፕሮጀክቱ ላንድሮቨር ተነሣን። ሹፌሩ ይማም የቆቦ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሩን እንደ ነዳጅ የሚቆጥብ ሰው። እኔ ስፈራ አፌ ይከፈታል፤ እሱ ሲፈራ መስኮቱን ይዘጋል። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ስናልፍ እኔ አንድ ሺህ ቀልድ ተናገርኩ፤ እሱ አንድ መስኮት ዘጋ።

ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የለበሰ ወታደር ሻንጣዬን ከፈተና ፕሮግራሙ ያለበትን ካሴት አነሣው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፕሮግራም ነው» አልኩ በኩራት።

ፊቱ ተለወጠ። «የማን ድርጅት ፕሮግራም?»

በዚያ ዘመን የድርጅት ፕሮግራም ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብዳል፤ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት የሠራች ምላሴ በዚያች ደቂቃ ጡረታ ወጣች። ይማም በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣ «የጎርፍ ነው ጌታዬ። ጎርፍ ሲመጣ የሚጮህ ነገር ነው» አለ።

«እና ለምን ዝም ይላል?»

«ጎርፍ የለማ።»

ወታደሩ ሳቀና ካሴቱን መለሰልኝ። እኔ ግን ኮምቦልቻ እስክንደርስ ቀልድ አልወጣኝም። ደሴ አልጋ በአምስት ብር ያዝን፤ ቁንጫው በነፃ ነው። የሰዓት እላፊው ሳይደርስ ጥብስ በላንና ተኛን። ውጭ በድንጋይ ንጣፍ ላይ እንደሚሄድ የቦት ጫማ የመሰለ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ካሴቱን ከትራሱ ሥር ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ ትራሱ ሥር አዛውር ነበር።

መርሳ፣ ወልድያ፣ ጎብዬ

መርሳ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ፓፓያ በሃምሳ ሳንቲም ገዛሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የምበላው ፍሬ ሊሆን ይችላል ብዬ ከነፍሬው ልውጠው ምንም አልቀረኝ። ወልድያ ከወታደር መኪኖች ጋር ካልሆነ ማለፍ ክልክል ነው ተባልን። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ከፊታችን ሁለት፣ ከኋላችን ሁለት ካሚዮን ሆነው ተንቀሳቀስን። ይማም በግራና በቀኝ ያለውን ማሽላ ከመንገዱ በላይ ያይ ነበር። ማሽላው ሰው ያክላል። ሰው የሚያክል ማሽላ ውስጥ ደግሞ ሰው ሊኖር ይችላል።

ጎብዬ አጀቡ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ ሻዩን አስቀምጣ ሻንጣዬን አየች።

«ወደ ላይ ነው?»

«ቆቦ።»

«ኧረ በአላህ! ከዋጃ ወዲያ ድምፅ አለ ይላሉ።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ከባድ» አለችና ስኳር ጨመረችልኝ። ያን ስኳር ሳልጠይቅ መጨመሯ ከወሬው ይልቅ አስፈራኝ። የራያዋን ሮቢት ሳንቆም አለፍናት። ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። በስተ ግራ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። በስተ ቀኝ እስከ ዞብል ድረስ ሜዳ ነው። እኛ ላይ ፀሐይ ነው።

«ያ ደመና ወዲህ ይመጣል?» አልኩት።

«ደመናው አይመጣም ጋሼ» አለ ይማም። «ውሃው ነው የሚመጣ።»

ቆቦ

በደረስኩ ማግስት ጓድ ታምሩ ፊት ቀረብኩ። ጓድ ታምሩ የፓርቲው ሰው ነው። ሱፉ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። የሚጮህ ሰው ብዙ አያስፈራኝም፤ እኔ ራሴ እጮሃለሁ። ዝግ ብሎ የሚናገር ግን እንደ ደራሽ ነው፣ ከየት እንደሚነሣ አይታወቅም።

«ጓድ» አለኝ፣ «ሳይረን በዚህ ከተማ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ጦር ሰፈሩ ሳይረን ሲሰማ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለሙከራ አንድ ጊዜ ይጮኻል። እኔ ለሻለቃው አስቀድሜ እነግራለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የሚጮኸው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው።»

«በስሕተት ቢጮህስ ጓድ?»

«በስሕተት?» አለ፣ ቃሉን እንደማያውቀው ሁሉ። «አሻጥር ማለትህ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ያስፈራኝ ሳይረኑ ሳይጮህ መቅረቱ አልነበረም። ያለ ቦታው መጮሁ ነበር። የሚፈራውን ነገር የተሳሳተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ወደፊት ታያላችሁ።

ማሽኑ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከጄኔሬተር ጋር ተያይዞ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ፕሮግራሜን ጫንኩበት። መጀመሪያ አጉረመረመ። አዲስ አበባ በአንድ ስም የሚታወቅ ነገር እዚህ በሌላ ስም ይጠራል፤ አንዱ ፋይል እዚህ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። እያንዳንዱን አስተካከልኩ። ከዚያ ማሽኑ ዝም ብሎ ተቀበለኝ። እኔም «አየህ ይማም፣ ሰሜን ዋልታም ቢሆን!» አልኩ። አሁን ሳስበው፣ የሚያጉረመርም ልዩነት ደግ ነው። ክፉው ዝም የሚለው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙከራው ሆነ። አንድ ሰው ወደ ተራራው ግርጌ ሄዶ ተንሳፋፊውን በእጁ አነሣ። ሳይረኑ ጮኸ። ቆቦ ቀጥ አለች። ውሾች አልቀሱ። ጓድ ታምሩ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ተንሳፋፊው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ፕሮግራሜም ተመልሶ ተኛ። እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

አያ ሐሰን

በማግስቱ ግድቡ ዳር ካለች ግራር ሥር ከአያ ሐሰን ጋር አስተዋወቁኝ። አያ ሐሰን የውሃ አባት ናቸው፤ ጎርፉ ሲመጣ ወደ ማን ማሳ፣ በምን ተራ እንደሚገባ የሚዳኙ ሽማግሌ። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ከአጠገባቸው ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ። ክረምት ክረምት ጠባቂ እዚያ ላይ ሆኖ ወንዙን ያይና «ደራሽ!» ብሎ ይጮኻል።

«አሁን ጠባቂው አያስፈልግም» አልኳቸው። «ድንጋይ ይሸከም። ማሽኑ ይጠብቃል።» የፕሮጀክቱ ኃላፊም በቃሌ ጠባቂውን በዚያው ቀን ከማማው አወረደው።

አያ ሐሰን ቅር አላላቸውም። ይልቅ አንድ የቆየ ወሬ አጫወቱኝ። «ድሮ» አሉ፣ «ላይኞቹና ታችኞቹ ሰፈሮች የየራሳችን ጥበቃ ነበረን። ሁላችንም ጠባቂ ነው የምንለው። የላይኞቹ ጠባቂ አንዴ ከጮኸ ግዳጁ አለቀ። ከብቱን ይዞ ወደ ቤቱ። እንደገና ሰው ካልተኩ ማማው ባዶ ነው። የኛ የታችኞቹ ግን የፈለገው ጎርፍ ቢመጣ ከማማው አይወርድም።»

«እና?»

«እናማ አንድ ክረምት ወንዙን አብረን ጠለፍን። ጠባቂውን ከላይኞቹ አደረግን። አንዴ ጮኸ፤ ወጣን። ውሃው ጎደለ፤ ገባን። እኛ አለ ብለን፣ እሱ ቤቱ ተኝቷል። ሁለተኛው ደራሽ በሬዎቻችንን ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ነው ሽማግሌ ተቀምጦ አንድ ያደረገው፤ ጠባቂ የተባለ ሁሉ፣ የማንም ሰፈር ልጅ ይሁን፣ ከማማው አይወርድም።»

ሳቅሁ። «ማሽን እኮ ቤት የለውም አያ። የት ይሄዳል?»

«ማሻአላህ» አሉ። «የማን ሰፈር ልጅ ነው ግን ማሽኑ?»

«ሁሉም የአንድ ሰፈር ልጅ ናቸው» ብዬ ትከሻቸውን መታ አደረግሁ። የሽማግሌ ትከሻ መምታት ነውር እንደሆነ እንኳ ረሳሁ።

ከወንዙ ውስጥ አንዲት ሴት ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ ቀና አለች። ዘሃራ ትባላለች፤ የሴት ተሸካሚዎቹ አለቃ ነች። ባለፈው ክረምት ደራሹ ከወሰዳቸው አንዷ ታናሽ እህቷ ነበረች። ይህን ይማም ቀስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

«አንተ ነህ የምትጮህልን?» አለችኝ።

«እኔ አይደለሁም እቴ፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽን አላውቅም። የማውቅ አንተን ነው። ዝም ብትል ወላሂ አልለቅህም!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ስትስቅ አላየኋትም።

ደራሹ

ሐሙስ ዕለት ነው። ሥራዬን ጨርሼ ዓርብ ልመለስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልሰናበታቸው ወደ ወንዙ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር መሰናበት ብቻ አይደለም፤ መመስገን አማረኝ። ወንዙ ውስጥ ከመቶ የማያንስ ሰው አለ፤ ወንዶቹ ሽቦ ያስራሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ ያመላልሳሉ። ይማም ከወዲያኛው ዳር መኪናውን አቁሞ ይጠብቀኛል። ጓድ ታምሩም ጎብኚ ይዞ መጥቶ ከዳር ቆሟል። ሰማዩ በኛ ላይ እንደታጠበ ብርጭቆ ነው። ተራራው ግን አይታይም፤ በጥቁሩ ተውጧል።

ሙቀቱ ፓፓያ ያበስላል። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ። እግሬን አሸዋው ውስጥ ቀበርኩ፤ ከላይ ትኩስ፣ ከሥር ቀዝቃዛ። ዘሃራ አጠገቤ ስታልፍ «ጌታው፣ ወንዝ ውስጥ ጫማ አይወለቅም» አለችኝ።

«ሳይረኑ እስኪጮህ ምን ቸገረኝ?» አልኳት። ምሰሶውን ቀና ብዬ አየሁት። ዝም ብሏል። ዝምታው ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ጎደለ። ወፎቹ ናቸው። ግራሯ ላይ ሲንጫጩ የዋሉት ወፎች አንድ ላይ ዝም አሉ። አያ ሐሰን ከግራሯ ሥር ሲነሡ አየሁ። በምርኩዛቸው ተደግፈው ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መታጠፊያ ያያሉ። አሸዋው ከመቀመጫዬ ሥር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ካሚዮን ነው ብዬ እግሬን ከአሸዋው አወጣሁ።

በዚያች ቅጽበት ነው አንድ ቀዝቃዛ፣ ረጅም፣ ጥቁር ነገር በባዶ እግሬ ላይ ሽው ብሎ የተሳበው።

እባብ!

ጮኽኩ። «ጮኽኩ» የሚለው ቃል ይህን አይችለውም። ቃል አልነበረውም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የማያልቅ ነገር ከውስጤ ወጣ። እናቴ «ስወልደው ያልጮኽኩትን እሱ ይጮኽልኛል» ትል ነበር። እየጮኽኩ ወደ ይማም ዳር ሮጥኩ፤ ዘወር አላልኩም። ከኋላዬ «ደራሽ! ደራሽ!» የሚል ሰማሁ። ድንጋይ ሲወድቅ፣ አካፋ ሲጣል፣ ያ ሁሉ ሰው በግራና በቀኝ ዳር ሲወጣ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። የራያ ሰው እባብ እንዲህ የሚፈራ አይመስለኝም ነበር።

ዳሩ ላይ በሆዴ እንደወደቅሁ ድምፁ መጣ። ተራራው የተናደ ነው የመሰለኝ። ቀና ስል ወንዙ ከመታጠፊያው ላይ ቆሞ ይመጣል፤ ቡናማ፣ ከሰው ቁመት የበለጠ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ከፊቱ አቧራ እያስነሣ። ውሃ አቧራ ሲያስነሣ አይቼ አላውቅም። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ድራሹ ጠፋ። ጫማዬም።

«ዘሃራስ?» አልኩ። ማንን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ሴቶቹን ሁሉ ከፊቷ እያስወጣች ኋላ ቀርታ ነበር። ይማም በሆዱ ተኝቶ ጥምጣሙን ወርውሮላታል። ውሃው ወገቧን ይዟል። እኔም በይማም እግር ላይ ወደቅሁና ያዝኩት፤ ሌሎቹ በእኔ ላይ ወደቁ። ጥምጣሙ እንደ ገመድ ከረረ። ስትወጣ ነጠላዋ የለም፤ አንድ እጇ ደምቷል። ቁጭ ብላ ሴቶቹን በየስማቸው ጠራች። ሁሉም «አቤት» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አልሐምዱሊላህ፣ ጮኸልን» አለች። «ማሽንህ ጮኸልን!»

ቢሮው

ምሰሶውን አየሁት። እኔ ሳይረኑን አልሰማሁም። በራሴ ጩኸት ተሸፍኖብኝ ነው ብዬ ወደ ቢሮው ሮጥኩ፤ በባዶ እግሬ፣ በእሾህ ላይ። የማሽኑ መስታወት ላይ «መስመሩ ተቋረጠ» የሚል ትርጉም ያላት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፋለች። ከሥሯ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ፕሮግራሜ የለም። ሞቷል። ሳይረኑ አልጮኸም።

ከማሽኑ ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ። እዚያ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አዲስ አበባ ባለው ማሽን ፕሮግራም አንዴ «ይህ ምልክት ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ካለ ሥርዓቱ ቃሉን ለዘለቄታው ይጠብቃል። ቆቦ ያለው ግን ቃሉን የሚጠብቀው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከመጣ ውሉ ይፈርሳል፤ ሁለተኛ ሲመጣ፣ አዲስ ውል ከሌለ፣ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ጥሪው በፊደል አንድ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የእኛ ሙከራ ነበር። ሁለተኛው ደራሹ። ሁለት ጊዜ ብንሞክር ኖሮ በዚያው እናገኘው ነበር፤ ሁለተኛውን ደግሞ የከለከለን ፍርሃት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጓድ ታምሩ። የማሽኑን መስታወት በሰውነቴ ከለልኩት።

«ጓድ» አለ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሙከራው ይልቅ ሁለተኛው በረታ።»

ዓይኖቼን ጨፈንኩ።

«ድምፁ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ነው ጓድ።»

«ይስተካከል» ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ማሽኑ ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ብናገር አሻጥረኛ ነኝ። ብተወው ደግሞ የሚቀጥለው ደራሽ ሲመጣ ዘሃራ ወንዙ ውስጥ ናት፤ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ከዚያ ልጮህላት አልችልም። የሳይረኑን ሽቦ ከሶኬቱ ነቀልኩ። መንቀል ይቻል ኖሯል! ከመጀመሪያውም ነቅዬ እስኪሰለቸኝ መሞከር እችል ነበር። ፕሮግራሙ ሲቀሰቀስ ከምንም ነገር በፊት «እንደገና ቀስቅሰኝ» እንዲል አንዲት መስመር ጽሑፍ ጨመርኩ። የመለኪያውን ሽቦ ከማሽኑ አላቅቄ፣ በምትኩ አጭር ሽቦ እየሰካሁ፣ እየነቀልኩ፣ ጣቴ እስኪቆስል ሞከርኩት። አልሞተም። ሁለቱንም ሽቦዎች መልሼ ሰካሁ።

ነገር ግን ከመቀስቀሱ እስከ አዲሱ ውል ድረስ የዓይን ጥቅሻ የምታህል ክፍተት ትቀራለች። በዚያች ክፍተት ሁለተኛ ምልክት ከመጣ ፕሮግራሙ አሁንም ይሞታል። ይህን ማሽኑ አይሞላልኝም። በማለዳ አያ ሐሰን ዘንድ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ትከሻቸውን አልነካሁም።

«አያ፣ ጠባቂው ወደ ማማው ይመለስ።»

«የላይኞቹ ሰፈር ልጅ ሆኖ ተገኘ?»

«አዎ አያ።»

«ማነው የጮኸ ታዲያ?»

በጣቴ ደረቴን ነካሁ። ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሳቁን ዋጡት። «አብሽር ልጄ» አሉ። «ማማው የኛ ነው። ሰው እናወጣበታለን። ጓዱም አይሰማም።»

መመለሻ

ከቆቦ ገበያ በረባሶ ገዝቼ ቅዳሜ በአጀብ ተነሣን። ጎብዬ ያቺ ሻይ ቤት ገባን። ሴትዮዋ እግሬን አይታ «ጫማህን ወደ ላይ ሰጥተህ መጣህ?» አለችኝ። ስኳር አልጨመረችልኝም፤ በዚህ በጣም ተጽናናሁ። ኬላዎቹን ዝም ብዬ አለፍኩ። ይማም በእኔ ዝምታ ፈርቶ መስኮቱን ዘጋ።

አዲስ አበባ መጀመሪያ ቢሮ ገባን። ጠረጴዛዬ ላይ በማልኖርበት ጊዜ ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ተቀምጧል። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የኩባንያ ሰዎች፣ ማሽን ሻጮች አንድ ላይ ተቀምጠው ለዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ አውጥተዋል፤ ፕሮግራም ሥርዓቱን በዚህ ስም ሲጠራ በሁሉም ቤት ይህ ይሆናል የሚል። ስለ ምልክቶች የሚለውን ገጽ ቆሜ አነበብኩት። አዲስ አጠራር አበጅተዋል። በዚያ የተጠራ ምልክት ተቀባይ አንዴ ከተቀሰቀሰ በኋላም ውሉ አይፈርስም፤ ያቺም ክፍተት ተደፍናለች። ጠባቂ ከማማው አይወርድም። ፈረንጆቹም የውሃ አባት አስቀመጡ ማለት ነው፤ ትንሽ ዘግይተው እንጂ። በዚያ ቀን የተማርኩት ይህን ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ነገሮች ሲያጋጥሙኝ መጀመሪያ የማን ሰፈር ልጅ እንደሆኑ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ ሁለት ጊዜ እጠራቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ማንም ይሰማል።

ማታ ይማም ቤቴ አደረሰኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔም ጎርፉን፣ ያን ሁሉ ሰው፣ ጩኸቱን እያሰፋሁ፣ ውሃውን ከአምስት ፎቅ በላይ እያደረስኩ ተረኩላት። «እባብ ነበር» አልኳት፣ «ከደራሹ ቀድሞ የሚሸሽ፣ እንደ ክንዴ የወፈረ።» ይማም ከመኪናው ጀርባ አንድ ጆንያ አወረደና አጠገቤ አስቀመጠው።

«ይሄን ከግድቡ በታች እሾህ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት ጋሼ። ለመንገድ አይሆንም ብዬ ነው እስካሁን ያልሰጠሁህ።»

ከፈትኩት። በጭቃ የተለወሰ የስልክ ሽቦ ጥቅል ነው። ደራሹ ከላይ የስልክ ምሰሶዎቹን ነቅሎ፣ ከውሃው አስቀድሞ በወንዙ ውስጥ በእግሬ ላይ የጎተተው፣ ከመለኪያው የሚመጣው ሽቦ። መሃሉ ላይ የግራ እግር ጫማዬ ተጠላልፎበታል።

ባለቤቴ ጫማውን አየች፣ ሽቦውን አየች፣ እኔን አየች። ቆቦ ላይ በፕሮጀክቱ ሪፖርት ሳይረኑ በሰዓቱ እንደጮኸ ተጽፏል፤ ዘሃራም እስከ ዛሬ የምትመርቀው ማሽኑን ነው። የጮኽኩት ግን እኔ ነኝ። ሰው ላድን አይደለም፤ ጎርፉን አላየሁትም ነበር። ፕሮግራሜን ሊቀሰቅስ የተዘረጋውን ሽቦ እባብ መስሎኝ ፈርቼ ነው።